የኩርባው እሳት

ኬኩ አልተቆረሰም። አራትና ዜሮ ሆነው የተሠሩት ሁለት ሻማዎች ነጩ ክሬም ላይ እንደ ተተከሉ፣ ክራቸው ሳይጠቁር አድረዋል። ከጣሪያው ወራጅ ላይ የታሰሩት ፊኛዎች በብርዱ ሟሽሸዋል። አንድ ቀይ ፊኛ ክሩ ተፈትቶ ወለሉ ላይ ወድቋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየተንከባለለ ወደ ጓዳው ይሄድና ተመልሶ ይመጣል።

ኢንስፔክተር ሌንሳ በሩ ላይ ቆማ ፊኛውን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው። ከጎባ ተነስታ የሰኔቲን አምባ ስታቋርጥ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች በግራና በቀኝ እንደ ሰው ቆመው ነበር ያሳለፏት። ቁልቁለቱን ወርዳ ከሪራ በላይ፣ የሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ካለው ከዚህ የእንጨት ቤት ስትደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፏል።

ደጃፉ ላይ አራት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። ሦስቱ እስከ አንገታቸው ጭቃ ለብሰዋል። አንዱ እርጥብ ብቻ ነው።

ሳጅን ቱሉ ወደ ሬሳው ወሰዳት። ከአውራው መንገድ ኩርባ ተነስቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ጥርጊያ አለ። ሟቹ ከቤቱ ሰማንያ እርምጃ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ኮሶ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል፤ ጭንቅላቱ ከኋላ በኩል ሁለት ጊዜ ተመትቷል። ስሙ ትንሣኤ ነው፤ የጎባ ሰው፣ የቡና ጥራት ባለሙያ። ትናንት ቅዳሜ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ሚስቱና ወዳጆቹ ሳይነግሩት ልደቱን ሊያከብሩለት፣ እሑድንም አብረውት ሊያሳልፉ ቤቱን ተከራይተው፣ መብራት አጥፍተው ይጠብቁት ነበር።

ከሬሳው አጠገብ እጀታው በሽቦ የተጠመጠመ የወይራ ዱላ ወድቋል። የቤቱ ጠባቂ የኦቦ ጉሉማ ዱላ መሆኑን ሪራ ውስጥ የማያውቅ የለም። የቀበሌው ሚሊሻዎች ሽማግሌውን ማታውኑ ይዘውታል።

ቱሉ ጉዳዩ ያለቀ ነው ባይ ነበር። አዛዡም ከጎባ ደውሎ ያንኑ አለ፤ ሽማግሌውን ይዛ እስከ ምሽት እንድትገባ አዘዛት። ሌንሳ እሺ አለች። ጉሉማ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ የሚናገርለት ምስክር የለውም፣ ዱላው ግን አለ። የሌላ ተጠርጣሪ ስም ሳይገኝ ጎባ እስር ቤት ከገባ እዚያው እንደሚሞት ታውቃለች። ሰዓቷን አየች።

*

ሚስቱ አዜብ አስተማሪ ናት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀኝ መዳፏን ደጋግማ ቀሚሷ ላይ ትጠርገዋለች።

ነገሩን ወር ሙሉ እንዳሰበችበት ተናገረች። ትንሣኤ በሕይወቱ ልደት አክብሮ አያውቅም። ለሥራ ደሎ መና ሦስት ቀን ከርሞ ትናንት ሊመለስ ነበር። እሷም መኪናዋ ከሪራ በላይ እንደ ተበላሸባትና የጀሊል ቤት እንደምታድር አስመስላ ደወለችለት፤ ኩርባው ላይ ወርዶ እንዲመጣላት። መኪኖቻቸውን ከቤቱ ጀርባ ደበቁ። ጀሊል የቤቱ ባለቤት ነው፣ ሮቤ ውስጥ ነጋዴ፣ የቤተሰቡ ወዳጅ። ደጀኔ ከባሏ ጋር አጋርፋ አብሮ የተማረ ነው፤ አሁን የራሱ የእህል ማጨጃ ኮምባይነር አለው። አራተኛዋ የትንሣኤ ታላቅ እህት ሠርከአዲስ ናት።

ስልኳን አቀበለቻት። የመጨረሻው መልእክት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ የተላከ ነበር፦ «ኩርባው ላይ ወርጃለሁ። ከሽማግሌው ጋር የምነጋገረው አለኝ። ቆይቼ እመጣለሁ።»

«ይህን ያነበቡት ለብቻዎ ነው?»

«ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ከጠባቂው ጋር ምን ያወራል ብለን ሳቅን። ከዚያ መብራቱን አጠፋሁ።»

እሷ ከበሩ ጀርባ ቆመች። ሠርከአዲስ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ጀሊል ከሶፋው ጀርባ፣ ደጀኔ ደግሞ የጓዳው መግቢያ ላይ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቁ። ስልክ ተዘጋ። ጉሙ መስኮቱን ስለ ሸፈነው የራስን እጅ ማየት አይቻልም ነበር። አምስት ደቂቃ የመሰላቸው ሃያ አምስት ሆነ።

«ከዚያ ኮቴ ሰማን» አለች አዜብ። «ቀስ ብሎ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ከእኔ የሚለየው ሳንቃው ብቻ ነበር፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እኔ ባሌ መስሎኝ…» መዳፏን ገልብጣ አየችው። «ሊገፋው ነው ብዬ እጄን ሳንቃው ላይ አሳረፍኩ። ፊቱ ያለበት መስሎኝ። አልገፋም። ዞሮ ሄደ።»

ይገባል ብለው ጠበቁ። አልገባም። በመጨረሻ አላስችላት ብሎ መብራቱን አበራች፤ ሁሉም ፋኖስና የስልክ መብራት ይዘው ተከታትለው ወጡ። ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ መጀመሪያ ያዩት የተዘረጋ እጁን ነበር።

ሌንሳ ሐኪሙ ከጎባ እስኪመጣ ሳትጠብቅ አንድ ነገር ታውቃለች። ትንሣኤ ራሱ ወደ ቤቱ እንደ ዞረ ነው የተደፋው፤ ገና ወደ በሩ ሲመጣ የተመታ ሰው ደግሞ ከኮሶው ሥር አልተነሳም። በሩ ላይ የቆመው ትንሣኤ አይደለም።

ይህን ለአዜብ አልነገረቻትም።

*

ሠርከአዲስ ሮቤ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት፤ ሃምሳውን አልፋለች። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ምላሷ ግን እንደ ወትሮው ነው። ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ መሆኗን፣ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ እንደማያውቅ፣ ትናንት ብቻ እንዳረፈደ ተናገረች። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ሌንሳ ስለ ዱላው ጠየቀቻት።

«አውቀዋለሁ እንጂ። ሲያደናቅፈኝ ነበር» አለች። «ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት ስከትፍ ሽማግሌው እንጨቱን በሁለት እጁ አቅፎ ወጣ፣ ወደ ኩርባው። ዱላውን እዚያው ጓዳው በር ሥር ትቶታል። እኔ ነኝ ወደ ጥግ ያዞርኩት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አሥራ ሁለት አካባቢ። ገና ዓይን ይይዝ ነበር።»

«ተመልሶ ሲወስደው አይተውታል?»

«አላየሁም። ግን ወጥ ላይ የነበረ ሰው ምን ያያል?»

ሌንሳ ጻፈች። ጨለማው ውስጥ ሌላ የሰማችው ነገር ካለ ጠየቀቻት። ሠርከአዲስ ከሐዘኗ መሐል ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«ያጋለጥኳቸው እኔ ነኝ። አፍንጫዬ የሽንኩርትና የጉም ጠላት ነው። አፌን አፈንኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አልሆነም፤ ሦስት ጊዜ አነጠስኩ። ተደብቆ ያለ ሰው ‹ይማርሽ› ይላል? አሉኝ እኮ። ከአፋቸው አመለጣቸው። እኔስ ብትይ፣ ‹ያኑራችሁ› ሳልል መች አስችሎኝ። አዜብ በሳቅ ልትሞት ደረሰች።» ፈገግታው ጠፋ። «ያን ጊዜ ወንድሜ እየሞተ ነበር፣ አይደል? እኛ ስንስቅ?»

ሌንሳ አላውቅም አለቻት። እውነቷን ነበር።

*

ጀሊል ሰውነቱ ግዙፍ፣ ድምፁ ቀጭን ነው። ቤቱን የሠራው ከአራት ዓመት በፊት ለጫካ ጎብኚዎች ብሎ ነው፤ አሁን ሊሸጠው ወስኗል። የጫካው ሽኮኮዎች ሲመሽ ሰው እንደ ታረደ ስለሚጮሁ እንግዳ ሁለተኛ ሌሊት አያድርበትም አለ። ሌላም ምክንያት አለው፤ እሱን ለመናገር ግን በሩን ዘጋ።

ኦቦ ጉሉማ ጅሩ የሚባል ልጅ ነበረው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ። ከሰባት ዓመት በፊት ጉም በሆነበት ምሽት ኩርባው ላይ መኪና ገጨው። መኪናው አልቆመም፤ ማን እንደ ነዳውም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሲነጋ አባቱ አገኘው። ጉሉማ ከዚያ በኋላ ጉም በወረደ ቁጥር ከመጨለሙ በፊት ኩርባው ላይ እሳት ያነዳል። ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ እሳቱን ሲያይ ፍጥነት ይቀንሳል። ጀሊል ለጥበቃ ሲቀጥረው ጉሉማ ያስገባው ውል አንድ ብቻ ነበር፦ ጉም ሲሆን ወደ ኩርባው እሄዳለሁ፣ አትጥራኝ።

«ትናንት ያ ኮቴ በሩ ላይ ሲቆም» አለ ጀሊል «ጅሩ ነው ብዬ ነበር። ሙት አይመለስም ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ግን የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ።»

«ሠርከአዲስ ሲያነጥሳቸውስ?»

ጀሊል አፈረ። «ሰምታ ነገረችሽ? ‹የርሐሙኪላህ› አልኩ። ሳላስበው። አዜብ ‹ይማርሽ› አለች፣ እኔ በዐረብኛ ጨመርኩበት። እንኳን ሰርፕራይዝ፣ ዶሮም መደበቅ አንችልም።»

*

ደጀኔን ያገኘችው ከቤቱ ጀርባ፣ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ ነው። ሽበት ጀምሮታል፤ ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጓል።

የሚያውቀውን ሁሉ በቅደም ተከተል ተናገረ። መጋረጃው ጀርባ ነበር። ከዚያ አልተነቃነቀም። ኮቴውን እንደ ሌሎቹ ሰምቷል። አዜብ መብራት ስታበራ አብሮ ወጥቷል።

«ጨለማው ውስጥ እንዴት ነበራችሁ?»

«ጸጥ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትንፋሽ እንኳ አልተሰማም፤ ሁላችንም እንደ ድንጋይ።»

ሌንሳ ለሽማግሌው ምክንያት ሊሆነው የሚችል ነገር ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቀችው። ደጀኔ ትከሻውን ሰበቀ። ልጁ ከሞተበት ወዲህ ጤነኛ አይደለም ይባላል አለ። እሳቱን ጠቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሳትጠይቀው፣ ሽማግሌው ከልጁ ጋር ያወራል የሚባለው እውነት እንደ ሆነ ጠየቃት።

«ማን አለ?»

«እንዲሁ፣ ሰው ይላል» አለና ወደ ጫካው አየ። የአስታ ዛፎቹ ላይ እንደ ሽበት የተንጠለጠለው የዛፍ ፀጉር ነፋስ በሌለበት ይወዛወዝ ነበር።

*

ጉሉማን የቀበሌው መጋዘን ውስጥ አስቀምጠውታል። ከጆንያዎቹ መሐል፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጧል። የተሰጠው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«አከም ቡልተኒ፣ ኦቦ ጉሉማ?» አለችው፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው።

«ነጋ። ገለተ ረቢ» አለ፤ ሰላም፣ ፈጣሪ ይመስገን ማለቱ ነው። እንዲህ ላደረ ሰው እንኳ ሰላምታው ይኸው ነው። ቱሉ በአማርኛም በኦሮምኛም እየጠየቀው ማታውን አሳልፏል፤ ያገኘው ቃል አንድ ነው፦ እሳቴ ዘንድ ነበርኩ።

ሌንሳ ቱሉን አስወጣችውና ጆንያ ላይ ተቀመጠች። የገዛ አባቷ ሮቤ ውስጥ በዚህ ዕድሜ ላይ ነው፤ እሱም ሲጨንቀው እንዲሁ ጉልበቱን ያሻል። ስለ ዱላው አልጠየቀችውም። የአዜብን ስልክ አውጥታ መልእክቱን አነበበችለት።

«ትንሣኤ እንጂ እርስዎ አይደሉም ‹የምነጋገረው አለኝ› ያሉት። ምን ነገርዎ?»

ሽማግሌው የቀዘቀዘውን ሻይ ወደ ጎን ገፋ።

«ኢንታላ ኮ» አለ በመጨረሻ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ብናገር ገመዱን ራሴ አንገቴ ላይ አጠልቃለሁ።»

«ዝም ቢሉም ጠልቋል።»

ከዚያ ተናገረ። ትንሣኤ ከተሳፈረበት አይሱዙ የጭነት መኪና ወርዶ እሳቱ ዳር መጣ። ጉሉማ እንግዳ መስሎት እንዲሞቅ ቦታ ለቀቀለት። ትንሣኤ አልተቀመጠም፤ ተንበረከከ። ልጅህን በገጨው መኪና ውስጥ ነበርኩ አለው። እኔ አልነዳሁም፤ ግን ነበርኩ፣ አብሬም ሄድኩ፣ ሰባት ዓመት ዝም አልኩ። ነገ ሽማግሌ ይዤ ደጅህ እመጣለሁ፣ ጉማውን እንክፈል፣ እርቅ ይውረድ አለው።

ሌንሳ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በዚህ አገር ደም ያፈሰሰ ሰው ደብቆ ቢኖር ደሙ አብሮት ይኖራል። አምኖ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ከሟች ደጅ ሲቆም፣ ጉማው፣ ማለትም የደም ካሳው፣ ሲከፈል ብቻ ነው ጉዳዩ የሚዘጋው። ገዳዩ ስም ከሌለው ግን ሟቹም መንገድ ላይ እንደ ቀረ ነው።

«የነዳውን ሰው ስም ጠየቁት?»

«ጠየቅሁት። ‹እሱ በገዛ አፉ ይንገርህ፣ አመጣዋለሁ› አለኝ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ እሳቱ ዘንድ ቀረሁ። ጉም ስለ ሆነ እሳቱን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።» ጉልበቱን አሸ። «ጥቂት ቆይቶ ሽኮኮዎቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ነብር መስሎኝ ነበር።»

«ለሚሊሻዎቹ ይህን ለምን አልነገሯቸውም?»

«ልጅህን የገደለ ሰው ነበር፣ ነገረህ፣ ሞተ፣ ዱላው ያንተ ነው አይሉኝም?» ቀና አለ። «ግን ኢንታላ ኮ፣ አስቢው። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ያንን ሰው ነው። እሱን ከገደልኩ ዛሬ ሽማግሌ ይዞ ደጄ የሚቆምልኝ ማነው?»

ሌንሳ ወደ ውጭ ስትወጣ ቱሉ ምን እንዳለ ጠየቃት። ደብተሯን ገልብጣ የአራቱን ቃል እንደገና አነበበች። ሦስቱ የሰሙትን አንዱ አልሰማም። ብዙ የሚናገር ሰው ይሳሳታል፤ ደጀኔ ግን በጣም ጥቂት ነበር የተናገረው፣ እሱም ተሳስቷል።

«ነገር ግን አንድ ቃል ብቻ ነው» አለች ለራሷ። «ረሳሁት ይላል።»

እንዳይረሳው ማድረግ ነበረባት።

*

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አራቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው። ሬሳው ወደ ጎባ ሄዷል። ጉሙ ከጫካው እየወጣ መስኮቱ ሥር ደርሷል። ኬኩን ያነሳው ሰው የለም።

ሌንሳ ጥቂት ጉዳይ ለማጥራት ነው አለች። ማንም እንዳይናገር፣ እያንዳንዱ ሲጠየቅ ብቻ እንዲመልስ ነገረቻቸውና ወደ ደጀኔ ዞረች።

«አቶ ደጀኔ፣ ጠዋት ትንፋሽ አልተሰማም ብለውኛል። ሠርከአዲስ ግን ሳል ይዟቸው እንደ ነበር ሰምቻለሁ። እርስዎ ለጓዳው ቅርብ ነበሩ፤ ሳሉን አልሰሙትም?»

ደጀኔ ለቅጽበት ዓይኑን ጨፈነ።

«አዎ፤ ሳሉ ሳሉ» አለ። «ረስቼው ነው። እንዲያውም ሊያጋልጡን ነው ብዬ ተናድጄ ነበር።»

«ብዙ ሳሉ?»

«ሁለት ሦስት ጊዜ። በነጠላቸው ሊያፍኑት ሞክረዋል።»

ቀዩ ፊኛ ወለሉን ዳብሶ ከደጀኔ እግር ሥር ቆመ።

«ደጀኔ፣ እኔ እኮ አልሳልኩም» አለች ሠርከአዲስ። ድምጿ እንደ እንግዳ ሰው ሆኖ ነበር። «አነጠስኩ። ሦስቴ። ይማርሽ ተባልኩ። ሳቅን።»

ጀሊል ግዙፍ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ደጀኔ» አለ። «እዚህ አልነበርክም።»

ሌንሳ የቀረውን በአጭሩ አስቀመጠችው። ዱላው ጓዳ ውስጥ ነበር፤ ጓዳው አጠገብ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የጓዳው በርም ወደ ውጭ ይከፈታል። ትናንት አራቱም ጭቃ ውስጥ ሮጠዋል፤ ዛሬ ጠዋት ጫማውን ያጠበው ግን አንድ ሰው ነው። በሰኔቲ ብርድ፣ ወዳጁ ደጅ ወድቆ፣ ሰው ጫማ የሚያጥበው ጭቃውን ጠልቶ አይደለም። ጫማውን ትወስደዋለች፤ ስፌቱ ውስጥ የቀረው ነገር ላቦራቶሪ ይናገራል።

አዜብ ተነሳች። ወደ ደጀኔ አልቀረበችም፤ ወደ በሩ ነበር የሄደችው። መዳፏን ትናንት ያሳረፈችበት ሳንቃ ላይ አደረገች።

«ከዚህ ማዶ የቆምከው አንተ ነህ?»

ደጀኔ ፊኛውን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«በጓዳው በኩል ልገባ ስዞር ነው» አለ። «ቆሜ አዳመጥኩ። አሁንም እየጠበቃችሁት እንደ ሆነ።»

«እየጠበቅነው ነበር» አለች አዜብ።

የቀረውን ደጀኔ ጥያቄ ሳይጠብቅ ተናገረ። ከሰባት ዓመት በፊት መሪውን የያዘው እሱ ነበር። ትንሣኤ ባለፈው ሳምንት ጠርቶት፣ ይህን ነገር ይዤ አርባ ውስጥ አልገባም፣ ወይ አብረን እንሂድ ወይ ብቻዬን እሄዳለሁ አለው። ደጀኔ እስከ ክረምት ቆይ ብሎ ለመነው። ትንሣኤ እሺም እምቢም አላለም። ትናንት አዜብ መልእክቱን ጮክ ብላ ስታነበው ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ ብቻ ነበር ምን ማለት እንደ ሆነ ያወቀው። መብራቱ ጠፋ። በጓዳው ወጣ። ኮሶው ሥር ተገናኙ። ትንሣኤ፣ ስምህን አልሰጠሁም፣ ነገ ራስህ ትሰጠዋለህ አለው፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወደ ቤቱ ዞረ።

«ልለምነው ነው የወጣሁት» አለ ደጀኔ።

«ዱላውንስ?» አለችው ሌንሳ። «ለምን ያዝከው?»



*

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ቱሉ መኪናውን ያዘ፣ ደጀኔ ከኋላ በሁለት ሚሊሻዎች መካከል ተቀመጠ። ጥርጊያውን ወጥተው አውራው መንገድ ሊደርሱ ሲሉ ጉሙ ተከደነባቸው። የፊት መብራቱ አሥር እርምጃ ያህል ነጭ ነገር ብቻ ነበር የሚያሳያቸው። ከዚያ ነጩ ውስጥ ቀይ ነጥብ ታየ።

ጉሉማን ደጀኔ እንዳመነ ፈትተውት ነበር። ቤቱ አልሄደም። ኩርባው ላይ እንጨቱን ከምሮ እሳቱን አንድዷል፤ ከፊቱ ቆሟል። መኪናውን ሲያይ እጁን አነሳ።

ቱሉ ሌንሳን አያት። «አቁም» አለችው።

ሽማግሌው ወደ ኋላው መስኮት ቀረበ። ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ማንም አልነገረውም። ሦስቱንም በየተራ አየና ዓይኑ ደጀኔ ላይ ቆመ። ሚሊሻው መስታወቱን አወረደ።

«ሽማግሌ አልያዝክም» አለው ጉሉማ። «ይሁን። ያንን ሌላ ቀን እንነጋገራለን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ።»

ደጀኔ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

«ልጄ ወዲያው ነው የሞተው?»

«አይደለም።»

«ተናግሮ ነበር?»

እሳቱ ይንጣጣ ነበር። ደጀኔ የታሰሩትን እጆቹን ጉልበቱ መሐል ቀበራቸው።

«ወርደን አየነው። የመኪናው መብራት ዓይኑ ላይ ነበር። ‹መብራቱን አጥፉልኝ› አለ።»

«አጠፋችሁለት?»

«አጠፋን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሄድን። መብራቱን ኩርባውን ካለፍን በኋላ ነው ያበራነው።»

ጉሉማ ራሱን ነቀነቀ፤ ለአንድ የቆየ ጥያቄ መልስ እንዳገኘ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ሌንሳ አንድ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ዞሮ ወደ እሳቱ ሄደ።

መጀመሪያ ትልልቆቹን ግንዶች አንድ በአንድ እየጎተተ ለያያቸው። ከዚያ ተንበርክኮ ከመንገዱ ዳር እርጥብ አፈር በሁለት እጁ እየዛቀ ፍሙን ያለብሰው ጀመር።

ቱሉ ሞተሩን ሊያስነሳ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ቆይ» አለች ሌንሳ። «ይጨርስ።»

የመኪናው መብራት የሽማግሌው ጀርባ ላይ አርፎ ነበር። ሌንሳ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። በጨለማው ውስጥ አፈር ፍም ላይ ሲወድቅ ይሰማቸው ነበር፤ እፍኝ፣ እንደገና እፍኝ፣ እንደገና። ቀዩ ነጥብ ጠበበ፤ ከጫካው ሽኮኮዎቹ መጮህ ጀመሩ።